ሳልት የተቀበረበት አሸዋ፦ ለዋሽንግተንና ለሞስኮ ተደራዳሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአሜሪካና በሩሲያ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ስለ ኒውክሌር ጦር መሣሪያ ለምትደራደሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የተቋረጠው የሚሳኤል ፍተሻና የመረጃ ልውውጥ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። ዲፕሎማት አይደለሁም፤ የጦር ሰውም አይደለሁም። ወታደር የነበረ የአንድ ሾፌር ልጅ ነኝ። ስለ ሚሳኤል የማውቀው ያነበብኩትን ያህል ነው። የእናንተን ፉክክር ግን ማንበብ ሳልችል ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ነበር።

ጓዳው ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን አለ። የጥይት ሳጥን ነው። ከግራና ከቀኝ መያዣ አለው፤ መቆለፊያው ብረት ነው። በጎኑ ላይ የሩሲያ ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል። አባቴ ከኦጋዴን ጦር ግንባር ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው። እናቴ በርበሬዋን የምታስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው፤ አይጥ አይደፍረውም ትላለች። ከሳጥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ የዘይት ቆርቆሮ አለ። በእኛ የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለእርዳታ ከመጣው ነው። ባዶውን ከምናለሽ ተራ ገዝታ የሽሮ ዕቃ አደረገችው። ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተስለውበታል፤ አጠገባቸው "ዩኤስኤ" ይላል። ሁለቱን አገሮች መጀመሪያ ያወቅኩት እንዲህ ነው። አንዱ የጥይት ሳጥን፣ አንዱ የዘይት ቆርቆሮ። ሁለቱም እኛ ቤት የደረሱት በሰው መከራ ምክንያት ነው።

ከዚህ በታች ዓመቶቹን የምጠቅሰው በእናንተ አቆጣጠር ነው። እንድትከተሉኝ ብዬ ነው።

አባቴ ከጦርነቱ በፊት የሚነዳው መኪና አሜሪካ ሠራሽ ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ የነዳው ደግሞ ኡራል የሚባለው የሶቪየት የጭነት መኪና ነው። "ማርሹን ሳንለምደው ግንባር ደረስን" ይል ነበር። ያን ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ከ1953 ጀምሮ ኢትዮጵያን የምታስታጥቀው አሜሪካ ነበረች። አስመራ ላይ ቃኘው የሚባል ትልቅ የጦር መገናኛ ጣቢያ ነበራት። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ጎረቤታችንን ሶማሊያን ታስታጥቅ ነበር። በ1977 ቃኘው ተዘጋ፤ አሜሪካኖቹ ወጡ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ሞስኮ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። ኅዳር ላይ የሶቪየት የጦር መሣሪያ በአውሮፕላን ይራገፍ ጀመር። በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች መጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለታችሁም ወዳጅ ተለዋወጣችሁ።

በኦጋዴን ሰማይ ላይ የተታኮሱት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 እና ሶቪየት ሠራሽ ሚግ ነበሩ። አብራሪዎቹ ግን ኢትዮጵያዊና ሶማሊያዊ ናቸው። የካቲት 26 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር 1970፣ ካራማራ ላይ ወገን ድል አደረገ። ያ ድል የአገሬ ነው፤ የአባቴም ነው። አሁንም እኮራበታለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ የትግላችን ሐውልት ቆሟል። የወደቁት ኩባውያን ፎቶም እዚያ አለ። ልጆች ናቸው። ፊታቸውን አይቼ ሳልቆም አልፌ አላውቅም። በሶማሊያ በኩልም እንደዚሁ ልጇን ጠብቃ የቀረች እናት አለች።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ስል ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካርተር የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ የነበሩት ዝቢግኒው ብሬዚንስኪ "ሳልት በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል" ብለው ነበር። ሳልት ማለት የረጅም ርቀት ኒውክሌር መሣሪያዎቻችሁን ለመገደብ የምታደርጉት ድርድር ነው። ሁለተኛውን የሳልት ውል ካርተርና የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ በጁን 1979 ቪየና ላይ ፈረሙት። ፈርመውም ተሳሳሙ። ግን በመካከላችሁ የነበረው መተማመን ቀድሞ ተሟጦ ነበር። የእኛ ጦርነት አንዱ ምክንያት ሆነ። በዲሴምበር የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ሲገባ የቀረውም አለቀ። ካርተር ሴኔቱ ውሉን ማየት እንዲያዘገይ ጠየቁ። ውሉ ሳይጸድቅ ቀረ።

ያን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ያነበብኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ደነገጥኩ። ለእኛ ኦጋዴን የተቀበረው ሰው ነው። የአባቴ ጓደኞች ናቸው። እዚያው አሸዋ ውስጥ የመላውን ዓለም ደኅንነት የሚመለከት ወረቀት አብሮ መቀበሩን ማንም አልነገረንም ነበር። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሳይቤሪያና ሰሜን ዳኮታ ያለው ሚሳኤል ጅጅጋ ላይ ከሚሆነው ጋር ምን አገናኘው? ጦርነቱ አልቆ፣ ወታደሩ ተመልሶ፣ የጥይቱ ሳጥን የበርበሬ ዕቃ ሲሆን፣ ሚሳኤሎቹ ግን እዚያው ናቸው። ቁጥራቸው በ1980ዎቹ አጋማሽ እስኪያሻቅብ ድረስ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ ልምጣ።

በኤፕሪል 2010 ኦባማና የዚያን ጊዜው የሩሲያ ፕሬዚዳንት ሜድቬዴቭ ፕራግ ላይ ኒው ስታርት የተባለውን ውል ፈረሙ። እያንዳንዳችሁ ለመተኮስ የተዘጋጀ የኒውክሌር አረር ከ1,550 እንዳታስበልጡ ተስማማችሁ። አረሩን የሚሸከሙት ሚሳኤሎችና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ደግሞ ከ700 እንዳይበልጡ። በ2021 ውሉን ለ5 ዓመት አራዘማችሁት። በኮሮና ምክንያት ግን ፍተሻው ከ2020 ጀምሮ ቆሞ ነበር። ከዚያ የዩክሬን ጦርነት መጣ። በፌብሩዋሪ 2023 ፕሬዚዳንት ፑቲን ሩሲያ ውሉን ማገዷን አስታወቁ። አሜሪካም በዚያው ዓመት በበኩሏ መረጃ መስጠቷን አቆመች። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 የውሉ ዘመን አበቃ። በቦታው የተፈረመ ሌላ ውል የለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ከቁጥሩ በላይ ሌላው ነገር ነው። መተያየታችሁ ቆሟል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጊዜ ወስጄ አንብቤያለሁ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀውም ትንሽ ላብራራው። ኒው ስታርት ለእያንዳንዳችሁ በዓመት 18 ፍተሻ ይፈቅድ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። መርማሪዎቹ እንደሚመጡ የሚያሳውቁት ከአንድ ቀን ብዙም ሳይርቅ ነው። አገር ውስጥ ከገቡ በኋላ "የምናየው ይህንን ቦታ ነው" ይላሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ ዕቃ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። የትኛው ሚሳኤል እንዲከፈት የሚመርጡት እንግዶቹ ናቸው። ባለቤቶቹ የሚሳኤሉን አፍንጫ ይከፍታሉ። አረሮቹ ጨርቅ ለብሰው ይቀርባሉ። ምስጢራቸው አይታይም፤ ቁጥራቸው ግን ይታያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥራሉ። ከተሰጣቸው ወረቀት ጋር ያመሳክራሉ። ይፈራረማሉ። ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

እንዲህ ያለ ፍተሻ ከ300 ጊዜ በላይ ተደርጓል። ከ25,000 በላይ ማስታወቂያ ተለዋውጣችኋል። ይህ ሚሳኤል ከዚህ ቦታ ወደዚያ ሄደ፣ ያ አውሮፕላን ለጥገና ገባ፣ ይኸኛው ፈረሰ እያላችሁ። ጠላት ለጠላቱ ይህን ያህል ደብዳቤ የጻፈበት ዘመን ስለመኖሩ አላውቅም።

ከዚያ በፊትም ነበር። ሬገንና ጎርባቾቭ በዲሴምበር 1987 ዋሽንግተን ላይ የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን ውል ፈረሙ፤ በውሉ መሠረትም 2,692 ሚሳኤሎች ወደሙ። አሜሪካውያን መርማሪዎች ቮትኪንስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ፣ የሚሳኤል ፋብሪካ በር ላይ፣ ለ13 ዓመት ያህል እየተፈራረቁ ኖሩ። ሶቪየቶቹ ደግሞ ዩታ ውስጥ ማግና በምትባል ቦታ። በሩሲያ ክረምት ከፋብሪካ የሚወጣን የባቡር ፉርጎ አስቁመው፣ ለክተው፣ በኤክስሬይ አይተው ያሳልፋሉ። አስቡት፤ እናት አገሩ ላይ ለማነጣጠር ሚሳኤል ከሚሠራበት ፋብሪካ ደጃፍ ቤት ተሰጥቶት፣ ጎረቤት ሆኖ፣ ልደትና አዲስ ዓመት እያከበረ መኖር። እንዴት ያለ ነገር ነው!

ከኒው ስታርት በፊት በነበረው፣ ስታርት አንድ በሚባለው ውል ምክንያት ደግሞ አሪዞና በረሃ ውስጥ 365 ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተቆራረጡ። ከላይ በሚወርድ ግዙፍ የብረት ስለት ክንፋቸው ለብቻ፣ ጅራታቸው ለብቻ ተደረገ። ቁርጥራጩም ወዲያው አልተነሣም። የሩሲያ ሳተላይት ከላይ አይቶ እንዲቆጥረው ተብሎ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቆየ። እህል እንደሚሰጣ።

ከ1993 እስከ 2013 ደግሞ ሩሲያ ከተፈቱ የኒውክሌር አረሮች የወጣ 500 ቶን ዩራኒየም አቅጥና ለአሜሪካ ሸጠች። ወደ 20,000 አረር የሚሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚበራው መብራት ከአሥር አንዱ ያህል ለዓመታት የበራው በዚያ ነዳጅ ነበር። በዚያ ዘመን ዲሲና ሲያትል የነበሩ የእኛ ሰዎች ቡና ያፈሉት፣ ልጅ ያስጠኑት፣ ምናልባትም በእነሱው ከተማ ላይ ተነጣጥሮ በነበረ ቦምብ ኃይል ነው።

ይህን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አይቻልም አትበሉኝ።

አለመተያየት ምን እንደሚያመጣም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ልጥቀሰው፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ወገኖቼም አሉና። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት፣ ከሞስኮ ወጣ ባለ የምሥጢር ጣቢያ፣ ሌተናል ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ተረኛ ነበሩ። ማሽኑ ጮኸ። ከአሜሪካ ሚሳኤል ተተኩሷል አለ። ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እስከ አምስት። ፔትሮቭ ለአለቆቻቸው የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብለው ሪፖርት አደረጉ። ጦርነት የሚጀምር ሰው በአምስት ሚሳኤል አይጀምርም ብለው አሰቡ። በኋላ ሲጣራ ሳተላይቱ ያየው ደመና ላይ የነጠረ የፀሐይ ብርሃን ነበር። በዚያው ወር መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት የኮሪያን የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ 269 ሰው አልቋል። ሁለታችሁም ቀልባችሁ ተገፍፎ ነበር። በዚያች ሌሊት ሌላ ሰው ተረኛ ቢሆንስ? አባቴ በ1983 ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። እኔ ገና አልተወለድኩም።

ሌላም አለ። በጃንዋሪ 1995 ኖርዌይ የሰሜኑን ሰማይ ብርሃን ለማጥናት ሮኬት አመጠቀች። አስቀድማ ለሩሲያ አሳውቃለች። ደብዳቤው ግን ራዳር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች አልደረሰም። እነሱ ያዩት ከባሕር ሰርጓጅ የተተኮሰ የአሜሪካ ሚሳኤል ነው። የኒውክሌር ትእዛዝ መስጫው ቦርሳ ለፕሬዚዳንት ዬልትሲን ተከፈተ። ያ የሆነው ቀዝቃዛው ጦርነት አልቆ፣ ወዳጅ ነን በምትሉበት ዘመን ነው። ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ያልተላለፈ ወረቀት ነው።

ኩባ ላይ በተፋጠጣችሁ ጊዜ፣ በኦክቶበር 1962፣ የሶቪየቱ መሪ የክሩሽቼቭ ረጅም ደብዳቤ ተመስጥሮ፣ ተፈትቶ፣ ተተርጉሞ ኬኔዲ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያህል ፈጅቷል። ዋሽንግተን የነበሩት የሶቪየት አምባሳደር ዶብሪኒን በኋላ እንደተናገሩት፣ ወደ ሞስኮ የሚልኩትን መልእክት ኤምባሲው መጥቶ የሚወስደው የቴሌግራም ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ በብስክሌት። ልጁ መንገድ ላይ ወሬ ይዞት እንዳይዘገይ ይጸልዩ ነበር። ያ ያስፈራችሁና በ1963 ቀጥታ መስመር ዘረጋችሁ። ብዙ ሰው ቀይ ስልክ ይመስለዋል። መጀመሪያ የነበረው በለንደን፣ በኮፐንሃገን፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ በኩል የሚያልፍ፣ ጽሑፍ የሚያስተላልፍ የቴሌታይፕ መስመር ነው። ያንን መስመር የዘረጋችሁት ተዋዳችሁ አይደለም። ስለፈራችሁ ነው። ለእኔ ይበቃኛል።

አሁን ክርክራችሁን አውቃለሁ። አንዳችሁ "ዩክሬን እንዲህ እየሆነ እንዴት ፍተሻ?" ትላላችሁ። ሌላችሁ "ሽንፈታችንን ከሚመኝ ጋር እንዴት በር እንከፍታለን?" ትላላችሁ። የዩክሬንን ጦርነት አላቃልለውም። ሰው እያለቀ ነው። ወደ እኛም ደርሷል። በ2022 ዘይትና ስንዴ ስንት እንደገባ እናቴን ጠይቁ። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነች መርከብ ለኢትዮጵያ ተብላ ጅቡቲ ስትደርስ ዜናውን ሰብሰብ ብለን ነው ያየነው። ስለዚህ ጦርነቱ እንዲቆም ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን የኒውክሌሩን ፍተሻ የዚያ ጦርነት መያዣ አታድርጉት ነው የምለው።

እኛ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። በአጥር ድንበር ተጣልተው ፍርድ ቤት ከቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በር ላይ ሲገናኙ አንዱ ፊቱን ያዞራል። ልጆቻቸው እንኳ አብረው አይጫወቱም ነበር። አንድ ሌሊት የአንደኛው እናት አረፉ። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ ያ ሌላኛው ጎረቤት ቀድሞኝ ደርሷል። ካስማ ሲመታ አገኘሁት። የድንኳኑን ገመድ ይዞ በዚያ ጫፍ የቆመው ደግሞ ባለጋራው ነው፤ የሟች ልጅ። እየተያዩ ነው የሚወጥሩት። አንዱ ሲስብ አንዱ ያላላል። አልተነጋገሩም። በማግስቱ ሬሳውን የተሸከሙት ሰዎች መካከል ያው ጎረቤት ነበረበት። ከቀብር ሲመለሱ ለእዝን የሚሆን ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ሦስተኛው ቀን አለፈና እንደገና ተኳረፉ። የአጥሩ ክስ ቀጠለ። እድሩም ታረቁ ብሎ አላስገደዳቸውም። ጠብህን ይዘህ ና፣ ድንኳኑ ግን ይተከላል ነው ሕጉ። የማይመጣ ይቀጣል።

ከእናንተ የምፈልገው ያንን ነው። ሳትታረቁ ድንኳኑን ትከሉ።

ራሳችሁም አድርጋችሁታል። በሜይ 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሰሜን ቬትናምን የሃይፎንግ ወደብ በፈንጂ አሳጠሩ። ወደቡ የሶቪየት መርከቦች የሚገቡበት ነበር። ሞስኮ ላይ የተያዘው ጉባኤ ይሰረዛል ያልተባለበት ቦታ አልነበረም። አልተሰረዘም። ኒክሰን ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ሞስኮ ገቡ። ሜይ 26 ቀን ከብሬዥኔቭ ጋር የመጀመሪያውን የሳልት ስምምነትና የፀረ ሚሳኤል መከላከያውን ውል ፈረሙ። ቬትናም ውስጥ ያለው ጦርነት አልቆመም። ሶቪየቶቹም ለሃኖይ መሣሪያ መስጠታቸውን አላቆሙም። በዚያ ተጣሉ፣ በዚህ ተስማሙ። ከስድስት ዓመት በኋላ ኦጋዴን ላይ ሲደርስ ይህን ልማድ ረሳችሁት።

ወረቀቱ ጊዜው ቢያልፍበትም ቃል መጠበቅ እንደምትችሉም አይተናል። የመጀመሪያው ሳልት በ1977 ሲያበቃ ሁለታችሁም ማክበራችሁን ቀጠላችሁ። ያ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ የተባለው ሁለተኛው ሳልት እንኳ ሳይጸድቅ እስከ 1986 ድረስ በመሠረቱ ገደቡን ጠበቃችሁለት። ስታርት አንድ በዲሴምበር 2009 ሲያበቃም አዲሱ እስኪጸና ከአንድ ዓመት በላይ ባዶ ጊዜ ነበር፤ በውሉ መንፈስ እንቀጥላለን ብላችሁ አለፋችሁት። በሴፕቴምበር 2025 ፕሬዚዳንት ፑቲን ገደቡን ለአንድ ዓመት እንጠብቅ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ትራምፕም ያኔ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል ብለው ነበር። ሁለቱም መሪዎች በአደባባይ ያሉትን የሚያስቀጥል ሰው ነው የጠፋው። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

የቻይናም ነገር እንዳለ አውቃለሁ። መሣሪያዋን እየጨመረች ነው። ሩሲያም የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ታነሳለች። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በጊዜው ይነጋገሩበት። ግን ከዓለም የኒውክሌር መሣሪያ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው በእናንተ በሁለታችሁ እጅ ነው። ሌላው እስኪመጣ ብሎ መጠበቅ ለእኔ አይገባኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አዲስ ትልቅ ውል ዛሬ ፈርሙ አልልም። ያ ዓመታት ይፈጃል፤ የአሜሪካን ሴኔትና የሩሲያን ምክር ቤት ዱማን ይጠይቃል። እስከዚያው ግን የ1,550ውን ገደብ እንደማታልፉ ሁለታችሁም በጽሑፍ አሳውቁ። በየስድስት ወሩ ትለዋወጡት የነበረውን የቁጥር ዝርዝር እንደገና ጀምሩ። ለዚህ ምንም አዲስ ነገር አያስፈልግም፤ ቅጹ አለ፣ መስመሩ አለ፣ ሠራተኛው ሥራውን ያውቃል። በ1988 የገባችሁት የሚሳኤል ሙከራን አስቀድሞ የማሳወቅ ስምምነት አለ፤ ሩሲያ በ2023 ኒው ስታርትን ስታግድም ያንን አከብራለሁ ብላ ነበር። እሱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ከዚያ ፍተሻውን መልሱት። ከአስራ ስምንቱ በሁለት ጀምሩ። አንድ በዚያ፣ አንድ በዚህ። መርማሪዎቻችሁ ጡረታ ሳይወጡ፣ እንዴት እንደሚቆጠር የሚያውቅ ሰው ሳያልቅ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ጉዳይ በሌላ ጠባችሁ ውስጥ አትክተቱት። በዩክሬን አፈር ውስጥ እንዳትቀብሩት። ነገ ደግሞ በሌላ አገር አንድ ነገር ሲፈጠር እንዳታስታክኩበት። እኛ አፍሪካውያን አኅጉራችን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ እንዲሆን ፔሊንዳባ የሚባል ውል አለን፤ ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ድርሻችንን ተወጥተናል። የእናንተ ደመና ግን ድንበር አይጠይቅም። ስለዚህ "ምን አገባችሁ?" እንደማትሉኝ ተስፋ አለኝ።

አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ባለፈው ፋሲካ እናቴ ጋ ሄጄ ሳጥኑን ባዶ አድርጋ ስታጸዳ አገኘኋት። በክዳኑ ውስጥ የተለጠፈች ቢጫ ወረቀት ቀርታለች። ጫፏ ተበልቷል፤ በርበሬ ጠጥታለች። ሶቪየት ኅብረት የተማረ ጎረቤት አለን፤ ጠርቼው አነበበልኝ። የጥይቱ ዓይነት፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብዛት፣ ያሸገው ሰው መለያ ቁጥር፣ ቀኑ። አንድ ቦታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ቆጥሮታል። እናቴ ወረቀቷን እንዳልነቅላት አለችኝና ጨርቅ አርጥባ በዙሪያዋ ጠረገች።

መልሳችሁን በዜና እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአዲስ አበባ፣ የኡራል ሾፌሩ ልጅ